ባሌ ልማር ብዬ

መቼም አማርኛችን አንዳንድ ቃል ላይ ጉድ ይሠራል። «ባሌ» ስትሉ ሰሚው ወይ ትዳራችሁን ያስባል፣ ወይ ጎባንና ሮቤን። ሦስተኛው ባሌ፣ ያ ፈረንጆቹ በእግር ጣታቸው ቆመው የሚደንሱት፣ ለማንም ትዝ አይልም። እናቴ ጋ ደውዬ «ባሌ እየተማርኩ ነው» ብላት «ባልሽን? ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ምን ስትሠሪ ኖረሽ ነው አሁን የምትማሪው?» አለችኝ። ዳንስ መሆኑን ሳስረዳት ዝም አለች። የእናቴ ዝምታ ከቁጣዋ ይከብዳል። «በዚህ ዕድሜሽ?» አለች ቆይታ። «ለመሆኑ ምን ምን ታደርጋላችሁ?»

«ጉልበታችንን አጠፍ እናደርግና ቀስ ብለን ቀና እንላለን። እሱኑ እንደጋግማለን።»

«ታዲያ ስግደት ነው በይኛ!» አለችና ልቧ መለስ አለ።

ዕድሜዬ 52 ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብላ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ ለጎልማሳ ጀማሪዎች የሚሰጥ የባሌ ክፍል ከገባሁ ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ። «ምን ነካሽ?» ለሚለኝ ሁሉ የማቀርበው ያማረ መልስ የለኝም። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምሠራው፤ እግሬን የማስታውሰው ማታ ሲያብጥ ብቻ ነበር። ከማበጥ ሌላ ምን እንደሚችል ማየት አማረኝ፣ በቃ።

አሥራ አንድ ተማሪዎች ነን። ሁለት የኮሌጅ ልጆች አሉ፤ አንዲት ነርስ አለች፤ የቀረነው ጉልበታችን ቀጭ ቀጭ የሚል ጎልማሶች ነን። ሁላችንንም በዕድሜ የሚበልጡት ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ጥቁር ጠባብ ሱሪያቸውን ለብሰው ከሁሉም ቀድመው ይደርሳሉ። አስተማሪያችን በወጣትነታቸው መድረክ ላይ የኖሩ፣ አሁን ጠጉራቸው የሸበተ፣ እንደ ምሰሶ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። በስሜ ጥሩኝ ብለውናል። እኔ ግን አልሆነልኝም። በሆዴ «እትዬ» ነው የምላቸው፤ እዚህም እንደዚያው ልበላቸው።

በክፍሉ ግድግዳ ርዝመት የተዘረጋ የእንጨት መደገፊያ አለ። ስሙ ባር ነው። (ሐሙስ ማታ የት እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ «ባር ነኝ» ብዬ ያስደነገጥኳቸው ዘመዶች አሉ።) ያንን መደገፊያ በአንድ እጅ ነካ አድርገን እንቆምና ጉልበት ማጠፍ እንጀምራለን። ይህቺ ናት ፕሊዬ። ሲያዩዋት ምንም የላትም። ሲሠሯት ግን ተረከዝ ከመሬት መልቀቅ የለበትም፤ ጉልበት በሁለተኛው የእግር ጣት አቅጣጫ ነው መውረድ ያለበት፤ መቀመጫ ወደ ኋላ አይወጣም፤ ወገብ አይጎብጥም፤ ደግሞ ፊት ላይ መከራ መታየት የለበትም። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህች ጋር ነው ያሳለፍነው። ከኮሌጅ ልጆቹ አንዷ «ወደ ዳንሱ መቼ ነው የምንገባው?» ብላ ጠይቃ ነበር። እትዬ ሳቁ። ሠላሳ ዓመት የደነሰ ባለሙያም የዕለቱን ልምምድ የሚጀምረው በዚችው በፕሊዬ ነው። ምክንያቱም ከታጠፈ ጉልበት ካልተነሡ አይዘለልም፤ ዘለውም ወደ ታጠፈ ጉልበት ካልተመለሱ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት አይተርፉም።

እኛ ትልልቆቹ አንድ ክፉ ልማድ አለን። «ገባኝ» እንላለን። ሕፃን ያየውን ይቀዳል፤ ትልቅ ሰው ግን ማብራሪያ ይጠይቅና ማብራሪያው ሲጥመው ነገሩን የቻለው ይመስለዋል። እትዬ «ገባኝ» የሚለውን ቃል እንደ ሰላምታ ነው የሚሰሙት፤ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ እግራችን ያያሉ። እግሩ አልገባውማ! ጭንቅላትና እግር እንዲህ የተራራቁ አገሮች መሆናቸውን፣ በመካከላቸው ያለው መንገድም እንዲህ ኮረኮንች መሆኑን እዚያ ክፍል ነው ያየሁት።

ስሞቹን ልብ ብላችሁ እንደሆነ ፈረንሳይኛ ናቸው። ሞስኮም ሄዳችሁ ተማሩ ቶኪዮ፣ ፕሊዬ ፕሊዬ ነው። የዚህ ምንጩ ቤተ መንግሥት ነው። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ራሱ ደናሽ ነበር፤ በ1653 እ.ኤ.አ.፣ ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በቤተ መንግሥት ትርዒት ላይ ፀሐይ ሆኖ ደንሷል። «ንጉሠ ፀሐይ» የሚለው ቅጽሉም ከዚያ ጋር ይያያዛል። በ1661 ደግሞ 13 የዳንስ መምህራን የተመደቡበት የንጉሥ የዳንስ አካዳሚ አቋቋመ። የንጉሡ የዳንስ አስተማሪ የነበረው ፒየር ቦሻን ዛሬም ድረስ ማንኛውም ጀማሪ መጀመሪያ የሚማራቸውን አምስቱን የእግር አቋቋሞች በሥርዓት እንዳስቀመጠ ይነገርለታል። እዚያ ቤት ዳንስ ጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ አቋቋምና አረማመድ ማዕረግ ይናገር ነበር። ይኼ እንኳ ለኛ እንግዳ አይደለም። ማን የት እንደሚቆም፣ ማን እስከ የት ጎንበስ እንደሚል የሚታወቅበት ቤተ መንግሥት ነበረን። የባሌ ክፍልም የሚያልቀው እጅ በመንሳት ነው፤ ሬቬራንስ ይሉታል፤ አስተማሪው ይመሰገናል፤ ፒያኖ የሚጫወት ሰው ካለ እሱም ይመሰገናል። ያለ ምንም እርማት ያለፍኩት ትምህርት ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ያ ቤተ መንግሥት ግን እኔን እያሰበ አልነበረም። የባሌ ጫማና ጠባብ ሱሪ ሮዝ የሆነው የእግር መስመር ሳይቋረጥ እስከ ጣት ጫፍ እንዲታይ ነው ይባላል፤ «የሥጋ ቀለም» ነው ማለት ነው። የማን ሥጋ? በ1969 አርተር ሚቸልና ካሬል ሹክ ኒውዮርክ ውስጥ ያቋቋሙት የሃርለም የዳንስ ቲያትር ከ1970ዎቹ ጀምሮ ደናሾቹ ጫማቸውንና ሱሪያቸውን በየቆዳቸው ቀለም እንዲያደርጉ አደረገ። ጥቁር ደናሾች ሮዙን ጫማ በፊት መዋቢያ እየቀቡ ሲያጠይሙ ነው የኖሩት። ፍሪድ የሚባለው የለንደን ጫማ ሠሪ ባሌ ብላክ ከተባለው ቡድን ጋር ሆኖ ቡናማውን የጣት ላይ መቆሚያ ጫማ ያወጣው በ2018 ነው። እኔ እዚያ ጫማ ላይ አልደረስኩም፤ የምደርስም አይመስለኝም። የማደርገው ለስላሳ ጨርቅ ጫማ ግን ቡናማ ነው። ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም።

ከፕሊዬ ቀጥላ የምትመጣው ታንዱ ናት። እግር መሬቱን እየጠረገ ወደፊት ይዘረጋል። መጀመሪያ ተረከዝ ይነሣል፤ ቀጥሎ የውስጥ እግሩ በሙሉ ይላቀቅና የጣቶቹ ጫፍ ብቻ መሬት ይነካል። ሲመለስም በዚያው መንገድ ነው፤ ጣት፣ ውስጥ እግር፣ ተረከዝ። ሰው ሲያይ የሚያየው የተዘረጋችውን እግር ነው። እትዬ ግን የተዘረጋችውን አያዩም። ዓይናቸው የቆመችው እግር ላይ ነው። ክብደቱን ሁሉ መሸከም ያለባት እሷ ናት፤ እሷ ከለገመች የተዘረጋችው ምንም ያህል ብታምር ዋጋ የላትም። አንዳንዴ ድንገት ጎንበስ ይሉና የተዘረጋውን እግር በሁለት ጣታቸው ብድግ ያደርጉታል። በቀላሉ ከተነሣ ደህና። ካልተነሣ ክብደታችሁን ተደብቃችሁ እዚያ ላይ ጥላችኋል ማለት ነው። ባሩንም እንዲሁ ነው፤ «ጨምቃችሁ ከያዛችሁት እየደነሰ ያለው ባሩ ነው» ይላሉ። በየመሐሉ እጃችንን እንድናነሣ ያዙናል። ያን ጊዜ ነው ማን እንደቆመ፣ ማን እንደተንጠለጠለ የሚታየው።

የእግር ወደ ውጭ መዞር ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የባሌ ደናሽ እግሮቹ በግራና በቀኝ ተከፍተው የሚቆሙ መሆናቸውን አይታችሁ ይሆናል። ይህ መዞር ከዳሌ ነው የሚመጣው፤ የጭን አጥንት ራሱ በዳሌ ጎድጓዳ ውስጥ ሲሽከረከር። ምን ያህል እንደሚዞር በከፊል የአጥንቱ ቅርፅ ይወስነዋል፤ በልምምድ ጡንቻውን ማጠንከር ይቻላል፣ አጥንት ግን አጥንት ነው። ጀማሪው ታዲያ መስተዋት ያይና ጎረቤቱ ይበልጠው እንደሆነ ይለካል፤ ከዚያ ከዳሌው ያጣውን በእግሩ መዳፍ ለማካካስ መሬቱን እየገፋ ይከፍተዋል። እግር የሚለውና ዳሌ የሚለው ሲለያዩ ልዩነቱን የምትከፍለው በመሐል ያለችው ጉልበት ናት። ተጠማዝዛ ትከፍላለች። የእትዬ ምክር አጭር ነው፤ «ያላችሁን ተጠቀሙ፤ የሌላችሁን ከጉልበታችሁ አትበደሩ።» የኔ ዳሌ ብዙ አይዞርም። ይህንን በ52 ዓመቴ አወቅኩ፤ ከዚያ በፊት ዳሌዬን ማንም ምን ያህል እንደሚዞር ጠይቆት አያውቅም።

ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። እዚያ ክፍል ከሁሉ ያስገረመኝ እርማቱ ነው። ዳኛውን በአንድ ማታ ስድስት ጊዜ ሲያርሟቸው ቆጥሬያለሁ። «ግራ ጉልበት። ወደ ውጭ።» ዳኛው «አመሰግናለሁ» ይላሉ። «አገጭ ከፍ።» «አመሰግናለሁ።» ልማዱ ነው፤ እርማት የደረሰው ያመሰግናል፤ አጠገቡ ያለውም ሰምቶ የራሱን ጉልበት ያያል። ስንት ዓመት ችሎት ላይ ተቀምጠው ለሰው ጥፋቱን ሲነግሩ የኖሩ ሽማግሌ፣ ጉልበትዎ ተጣሟል ሲባሉ ፊታቸው ላይ የማየው መከፋት አይደለም። የተጠቀሙ ነው የሚመስሉት። አንድ ሐሙስ እትዬ ሰዓቱን በሙሉ ለኔ አንድም ቃል ሳይናገሩ አለፉ። እንደ ድሮዬ ቢሆን ተመስገን የምልበት ማታ ነበር። ግን ተናድጄ ነው ቤቴ የገባሁት። ተውኝ እንዴ? እያልኩ።

የኔ ዕድሜ ሰው «እርማት» ሲባል ሌላ ነገር ነው የሚሰማው። ልጆች ሳለን ታላላቆቻችን ከውይይት ክበብ «ሂስና ግለ ሂስ» አድርገው ፊታቸው ጠቁሮ ሲመለሱ እናይ ነበር። እኛ ሥራ ስንይዝ ደግሞ ግምገማ ጠበቀን። በአንድ መሥሪያ ቤት አብሮኝ ይሠራ የነበረ የሒሳብ ሠራተኛ ትዝ ይለኛል። ዝምተኛ ሰው ነው፤ የወረቀቱን ጠርዝ ሳይቀር በማስመሪያ የሚያስተካክል ዓይነት። አንድ ቀን ግምገማ ላይ «የአመለካከት ችግር አለበት» ተባለ። በየትኛው ሰነድ ላይ? በየትኛው ቀን? ምን ቢያደርግ ይስተካከላል? የነገረው የለም። እንደ ደንቡ ተነሣ፤ «ሂሱን ተቀብያለሁ» አለ፤ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ሻይ ክበብ ከኛ ጋር ወርዶ አያውቅም።

ያንን ሰው ባሩን ይዤ ስቆም ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ሲገባ ምኑን ሊያስተካክል ይችል ነበር? «አመለካከት» የት ጋ ነው ያለው? ዳሌ ላይ ነው፣ ጉልበት ላይ? እትዬ «ዳንስ አትችዪም» ብለውኝ አያውቁም። «ጎበዝ» ብለውኝም አያውቁም። የሚሉኝ «የቆመችው እግርሽ ጉልበት ለስልሳለች፣ ሳቢያት» ነው። እሱን እሺ ማለት ይቻላል፤ ሦስት ሰከንድ ይበቃዋል። ጉልበቴን ሳብ አደርጋለሁ፤ እኔ ግን እዚያው በፊት የነበርኩት ሰው ነኝ፤ አልተነካሁም። ለኛ ቢሮዎች አንድ ነገር ማዋስ ቢቻል ይህችን ባዋስኩ ነበር፤ ለእያንዳንዷ ጥቃቅን ነገር ስም አውጥቶ፣ በስሟ ጠርቶ፣ እሷን ብቻ ማረም።

የባሌ ዓለም በሙሉ እንዲህ የጸዳ ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በሙያው ያደጉ ሴቶች ስለ ክብደታቸው፣ ስለ ገላቸው ቅርፅ የተባሉትን ሲናገሩ ስሰማ የኛው ግምገማ ዘመድ ነው። «ጉልበትሽ» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «ገላሽ ለዚህ አልተፈጠረም» ማለት ሌላ። የኋለኛውን የሚል አስተማሪ ምንም ቢያውቅ ማረም አይችልበትም ነው የምለው።

ደግሞ የትከሻውን ጉዳይ ሳልነግራችሁ። ባሌ ውስጥ ትከሻ ዝም ማለት አለበት፤ ወርዶ፣ ሰፍቶ፣ ከጆሮ ርቆ። የኔ ትከሻ ደግሞ ሙዚቃ ሲሰማ ዝም ብሎ የማያውቅ ነው። ፒያኖውን ሰምቶ ውስጥ ለውስጥ ሲንቀሳቀስ እትዬ ያዩታል። «ትከሻ!» ይላሉ። ነርሷ ይህን ሰምታ ከክፍል በኋላ ያዘችኝ። አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት እስክስታ አይታ ኖሯል። «እሱን አስተምሪኝ» አለች። መቼም ከልጅነቴ ጀምሮ የጨፈርኩት ነገር ነው፤ ቆሜ አሳየኋት። «እንዴት ነው የምታደርጊው? ከየት ነው የሚነሣው?» ስትለኝ ግን ቃል አጣሁ። «ልቀቂው» አልኳት። «ምኑን?» አለች። እውነቷን ነው፤ ምኑን? እኔ እስክስታን የተማርኩት ሰርግ ቤት፣ የአክስቶቼ ክብ መሐል ገብቼ ነው። ያረመኝ የለም፤ የገለጸልኝም የለም። አይቼ ነው የወሰድኩት፤ ካየሁት ሌላ የማስረክበው ቃል አልነበረኝም። እንደገና እያደረግኩት በባሌ ዓይን መስተዋት ውስጥ ሳየው ነው ጉልበቴ ለስለስ ብሎ እንደታጠፈ፣ ወገቤ ጸጥ እንዳለ፣ ትከሻው የሚጫወተው ከሥር ያለው ስለረጋ መሆኑን ያስተዋልኩት። ለነርሷ የነገርኳት እሱን ነው። «መጀመሪያ ፕሊዬ» አልኳት። የአክስቶቼን ጭፈራ በፈረንሳይ ንጉሥ ቋንቋ!

ቤቴ እየሄድኩ ግን ነገሩ ቆጨኝ። ስም ማውጣት የማያውቅ አገር ሆነን ነው? አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አቋቋም የሚባል ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት አለ፤ የመቋሚያውን፣ የጽናጽሉን፣ የከበሮውን፣ የእግሩን አነሣሥ በሥርዓት የሚያስተምር። ዝማሜ፣ መረግድ፣ ጽፋት እያለ ስም አለው። የጎንደር ላይ ቤት፣ ታች ቤት፣ ተክሌ እየተባለ በስልት ይለያል። ተማሪው ለዓመታት መሪጌታው ፊት ቆሞ ይወዛወዛል፤ መሪጌታው ያያል፤ ያርማል። በጥምቀት ታቦት ፊት የምናየው ያ እርጋታ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ የተማሩት ነው። እኔ ሴት ነኝና ያየሁት ከውጭ ቆሜ ነው። የሰርግ ቤቱ ጭፈራ ግን፣ የሴቶቹ፣ የእረኞቹ፣ የአዝመራው፣ ያ ሁሉ የትከሻና የአንገት ጥበብ፣ ስም ይዞ የሚያርም አስተማሪ ፊት የቆመበት ጊዜ ጥቂት ነው። አክስቶቼ ሁለቱ አርፈዋል። አንገታቸውን እንዴት ያደርጉት እንደነበር ልነግራችሁ ብፈልግ የምላችሁ ያንኑ «ልቀቁት» ነው።

ሰሞኑን ደግሞ መዞር ጀምረናል። የባሌ ደናሽ እንደ እንዝርት ሲሽከረከር ለምን እንደማያዞረው ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ምስጢሩ ጭንቅላት ላይ ነው። ከፊት ለፊት አንድ ነጥብ ይመረጥና ዓይን እዚያ ላይ ይተከላል። ገላ ይዞራል፤ ጭንቅላት ወደ ኋላ ይቀራል፤ መቆየት የማይችልበት ጊዜ ሲመጣ በቅጽበት ተሽከርክሮ ከገላው ቀድሞ እዚያው ነጥብ ላይ ይደርሳል። ጆሮ ውስጥ ያለው፣ ሚዛናችንን የሚነግረን ፈሳሽ፣ በዝግታ አብሮ ከመዞር ይልቅ ለአብዛኛው ጊዜ ረግቶ ይቆያል፤ ዓይንም የሚመለስበት ቦታ አያጣም። ዳኛው የመረጡት ነጥብ የግድግዳውን ሰዓት ነው፤ ሌላው ሰው እንዳይመርጥባቸው ቀድመው የሚመጡት ለዚያ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ከበሩ በላይ ያለውን ቀይ የመውጫ መብራት ይዣለሁ።

ለጊዜው ሩብ ዙር ብቻ ነው የተፈቀደልን። ሩብ ዞሮ መቆም፣ እንደገና ሩብ ዞሮ መቆም። ግማሹ ከፋሲካ በኋላ ነው ብለውናል እትዬ። በነሱ ፋሲካ ይሁን በኛ አልጠየቅኳቸውም።